መድኃኒት ሲደራረብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየመኝታ ክፍላችን ያለ ነው። አንዱ ጓደኛችን ድባቴ ሲይዘው፣ ሌላው «ለእኔ በጅቶኛል» ብሎ ከራሱ ኪኒን ያካፍለዋል። እኛም አዝነን ይህንኑ አድርገናል።

ነገር ግን የድባቴ መድኃኒት እንደ ቆሎ የሚካፈል አይደለም። አብዛኞቹ በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበረታሉ። ሲደራረቡ ኃይሉ ከልክ ያልፍና ሰውየው ይቅበጠበጣል፤ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይጨምራል፤ ሲብስም ለሞት ያደርሰዋል።

በ1984 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ፣ ፌነልዚን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ትወስድ የነበረች የ18 ዓመት ተማሪ ሐኪም ቤት ገብታ ፔቲዲን ተወጋች፤ በሰዓታት ውስጥም ሞተች። ብዙ ሐኪሞች ምክንያቱን የሁለቱ መጋጨት ነው ይላሉ። ፔቲዲን ግን የሕመም ማስታገሻ እንጂ የድባቴ መድኃኒት እንኳ አይደለም።

ማቆምም ወዲያው አያድንም። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ፣ እርሱን ያቆመ ሰው ፌነልዚን ለመጀመር ቢያንስ 5 ሳምንት ይቆያል።

እርግጥ ነው፤ ሐኪም መርምሮ ሁለት መድኃኒት በአንድነት የሚያዝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ይህን ሰምቶ የታዘዘለትን በገዛ እጁ በድንገት የሚያቋርጥ አይኑር።

ወገኖቻችን፤ ለጓደኛችን ኪኒን ከምናካፍለው ክንዱን ይዘን ወደ ሐኪም እንውሰደው። የሚወስደውን ሁሉ፣ በቅርቡ ያቆመውንም ጭምር ይናገር። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ መድኃኒቱን የደበቀም ያው ነው።