ፍቅርና አደራ በተከታታይ ድራማ ዝግጅት



አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ደራሲ ወደ ሌላ እጅ በተላለፈ ቁጥር፣ ተመልካቾች አዲሱን ዋና አዘጋጅ አስቀድመው የሚጠይቁት «ለመሆኑ ይህን ድራማ ከልብህ ትወደዋለህን?» ብለው ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ለዓመታት የወደዱት ነገር በማያከብረው ሰው እጅ እንዳይወድቅ ይሰጋሉና። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ለሥራው ዋስ ይሆናልን?

«ዶክተር ሁ» የተባለውን የእንግሊዝ ድራማ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1963 ተጀምሮ በ1989 ተቋርጦ ነበር። በ2005 እንደገና ለዕይታ ያበቃው ራስል ቲ ዴቪስ ከልጅነቱ ጀምሮ የድራማው አፍቃሪ ነው። ሆኖም የቆየውን ታሪክ በመዘርዘር አልጀመረም። ስለ ዶክተሩ አንዳች የማታውቅ ሮዝ የተባለች የሱቅ ሠራተኛ አቀረበና አዲሱ ተመልካች በእርስዋ ዓይን እንዲያይ አደረገ። የዶክተሩንም ወገኖች በጦርነት አልቀዋል በማለት የዘመናቱን ሸክም አቃለለ። ይህ ድፍረት ከመውደድ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የሚወዱትን ነገር ለማያውቀው ሰው ማሰብን ይጠይቃል።

በአንጻሩ ደግሞ የአሜሪካው «ስታር ትሬክ» አለ። በ1982 ለታየው ሁለተኛው ፊልም ኃላፊነቱን የተረከበው የቴሌቪዥን አዘጋጁ ሃርቭ ቤኔት የድራማው አፍቃሪ አልነበረም። ይሁን እንጂ የቀድሞዎቹን ክፍሎች በሙሉ ተቀምጦ ተመለከተ። በ1967 በታየ አንድ ክፍል ውስጥም፣ በሩቅ ዓለም እንዲኖር የተተወውን ካን የተባለ ባላንጣ አገኘ፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት ግን አልተነገረም ነበር። ያልተቋጨው ይህ ነገር የፊልሙ መሠረት ሆነ፤ ከአፍቃሪዎቹም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ከሁሉ አብልጠው ይወዱታል።

እንግዲህ አፍቃሪው የማያውቀውን ሰው አሰበ፤ አፍቃሪ ያልሆነውም ተማረ። ሁለቱም ድራማውን አልናቁም። አፍቃሪን የሚያሰጋው ለራሱ ትዝታ ብቻ መጻፍ ነው፤ እንግዳውን የሚያሰጋው ደግሞ ሳይመረምር ማፍረስ ነው። ፍቅር የረጅሙን ሥራ ድካም ያስችላል፤ የትኛው ትዕይንት መቅረት እንዳለበት ግን አይነግርም። ያንን የሚነግረው ሙያ ነው።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ የሌላውን ደራሲ ሥራ የመቀጠል አደራ ለማንም ስንሰጥ «ትወደዋለህን?» በሚለው አናብቃ። «ሁሉን አይተኸዋልን? ሳይነገር የቀረ ምን አገኘህበት?» ብለን እንጠይቅ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው፣ አስቀድሞ ቢወደውም ባይወደውም፣ አደራውን ሊቀበል ይገባዋል።