ማዘርቦርዱ ሲለወጥ የዊንዶውስ ፈቃድ ወዴት ይሄዳል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ



ስለ ትምህርት ቤታችን ዕድገት ብዙ መልካም ነገር ስለ ተነገረ፣ እኛ ደግሞ በኮምፒውተር ክፍላችን ካጋጠሙን ነገሮች አንዱን ልናቀርብላችሁ ወደናል። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እዚህ ብሥራተ ገብርኤል መንገድ ዳር ማመልከቻ እየጻፉና ፎቶ ኮፒ እያነሡ የሚተዳደሩትን ሰዎች ኪስ የሚነካ ነው።

እንደምታውቁት መብራት ድንገት ይጠፋል፤ ሲመለስም አንዳንድ ጊዜ ኃይሉ በርትቶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ማዘርቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። ባለቤቱ ወደ ጥገና ይወስደዋል፤ ሌላ ማዘርቦርድ ይገባለትና ኮምፒውተሩ ይነሣል። ነገር ግን ከስክሪኑ በስተ ቀኝ ግርጌ ዊንዶውስን አክቲቬት አድርግ የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ይወጣል። ባለቤቱም «ከፍዬ የገዛሁት አይደለምን?» ብሎ ይደነግጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ፣ ይኸውም ከጥቅምት 1994 ዓ.ም. ወዲህ፣ ለግል ገዢ የሚሸጠው ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች እያየ ፈቃዱን ከእነርሱ ጋር ያያይዛል። ራም ቢጨመር ወይም ሃርድ ዲስክ ቢለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። ማዘርቦርዱ ከተለወጠ ግን ኮምፒውተሩን እንደ ሌላ ኮምፒውተር ይቈጥረዋል።

ፈቃዱም ሁለት ዓይነት ነው። ለብቻው የተገዛው ወደ ሌላ ማዘርቦርድ ሊዛወር ይችላል። ከፋብሪካ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ግን ከዚያው ከኮምፒውተሩ አይለይም። እንዲያውም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የፋብሪካው ቁልፍ የሚጻፈው በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነው። ሠሪው ለተበላሸው ማዘርቦርድ ተመሳሳዩን ቢተካ አዲስ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም ይባላል። ይሁን እንጂ ከውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሠሪውን ከወዴት ያገኘዋል? ሕጉ የወጣው ለሚጥል አገር ነው እንጂ ለሚጠግን አገር አይመስለንም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት እናት የደረሰባቸውን እንንገራችሁ። ጠጋኙ ማዘርቦርዱን ለወጠና ያ ጽሑፍ ሲወጣ «ክራክ እናደርገዋለን» አላቸው። ክራኩ እንዲገባ አንቲቫይረሱን አጠፋው። ወር ሳይሞላ ፋይሎቻቸው ሁሉ ተቈልፈው «ገንዘብ ክፈሉ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። የሦስት ዓመት ደብዳቤና የደንበኞች ማመልከቻ በዚያው ቀረ። አለመክፈላቸው ግን ደግ አደረጉ፤ የከፈለ ሁሉ ፋይሉን አያገኝምና። በኋላ አሮጌው ማዘርቦርድ ከመደርደሪያ ሥር ተገኘ። ብየዳ የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ የተቃጠለችውን ዕቃ ብቻ ለወጠላቸው። ዊንዶውስ እንደ ገና ሲጫን ፈቃዱ ማንም ሳይጠይቀው ተመለሰ!

የሚያሳዝነው፣ ለዚያ ጽሑፍ ሲባል ይህን ያህል መቸኰል አያስፈልግም ነበር። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ሳይነቃ ይሠራል፤ ፋይልም ይከፍታል። የሚከለክለው እንደ ስክሪኑ ሥዕልና ቀለም መለወጥ ያለውን ነው። ይህን ስንል ያለ ፈቃድ ተጠቀሙ ማለታችን አይደለም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቍጥር 410/1996 እንደ መጽሐፍ ሁሉ የተጠበቀ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወደ ጥገና ስትሄዱ አስቀድማችሁ «ይኸው ማዘርቦርድ ይጠገናልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የወጣውንም ተቀበሉ እንጂ እዚያ አትተዉት። ዊንዶውሱን ለብቻው የገዛችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ ደኅና ሳለ ፈቃዱን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር አያይዙት። ከ2008 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ይህ ይቻላል። ማዘርቦርዱ ከተለወጠ በኋላ በአክቲቬሽን ገጽ ላይ ዕቃ መለወጣችሁን ስትገልጹ፣ ከአካውንቱ ፈቃዱን ያመጣላችኋል።

አሮጌ ማዘርቦርዳቸው ለጠፋባቸው አራት የክፍላችን ኮምፒውተሮች ኡቡንቱን ጭነንላቸዋል፤ እርሱ ቁልፍም አክቲቬሽንም አይጠይቅም። ከዝግጅቱ በኋላ ክፍሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ አማርኛ እየጻፋችሁ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ።