መቶ ዓመት ያደገ ጣሪያ



«ስለ ሥራህ ትንሽ አጫውተን» ብላችሁኛል። እኔ ደግሞ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ስህተቴ ነው።

ሲያትል የገዛሁትን የመጀመሪያ ቤቴን ጣሪያ ያለበስኩት በእንጨት ነበር። ቀይ ሴዳር የሚባለው የዚያ አካባቢ ዛፍ በተፈጥሮው መበስበስን ይቋቋማል። በመጋዝ ከተሰነጠቀ ሺንግል፣ ከተፈለጠ ደግሞ ሼክ ይሉታል፤ ያው የእኛው ፍልጥ ማለት ነው። እንደ ብረት ክዳን ለማምረት ብዙ ኃይል አይፈጅም፤ ዛፉም ተተክሎ ይበቅላል። ታዲያ «ተፈጥሮን የማይጎዳ ጣሪያ ሠራሁ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በ11ኛው ዓመት ዝናቡ መኝታ ቤቴ ገባ። ወጥቼ ገለጥ ባደርገው ከሥሩ በስብሷል። ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም። ከላይ የረጠበ እንጨት ከሥርም አየር አግኝቶ መድረቅ አለበት። ማገር መትቼ ክፍተት መተው ሲገባኝ፣ ወጪ ልቀንስ ብዬ ኮምፔንሳቶው ላይ ድፍን አድርጌ መታሁት። የሚረግፍበትን ቅጠልም አልጠርግም ነበር።

አንዱን ፍልጥ አንስቼ የዕድገት መስመሮቹን ቆጠርኩ። መቶ ካለፍኩ በኋላ ተውኩት። ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ! መቶ ዓመት ያደገውን በ11 ዓመት ጨረስኩት።

ኖርዌይ ውስጥ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የቦርጉንድ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ክዳኑ እንጨት ነው፤ ቅጥራን ይቀባል፣ ያረጀው ይለወጣል። በአንጻሩ በ1991 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ኮረብታዎች ሲቃጠሉ፣ እሳቱን ካዛመቱት ነገሮች አንዱ የእንጨት ጣሪያ ነበር። ዕቃው ያው እንጨት ነው፤ ልዩነቱ ቦታውና እንክብካቤው ነው።

ሰሞኑን አንድ ወጣት የሙያ ባልደረባዬ አገር ቤት የሚሠራውን የእንግዳ ማረፊያ «በጥድ ፍልጥ ብከድነውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጥዱን ማን ተከለው? ማንስ ይተካዋል?» አልኩት። ዝም አለ። እንግዲያውስ ቆርቆሮው ይሻላል አልኩት።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን የግንባታ ዕቃ ዝርዝር ስታሠሩ፣ ከዋጋው ጎን አንዲት ዓምድ ጨምሩልኝ፦ ይህ እንጨት ለማደግ ስንት ዓመት ፈጀ? እኔ ጣሪያው ላይ ወጥቼ የተማርኩትን እነሱ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ይማሩት።