ማሳን በባለሙያ ዓይንና በአርሶ አደር ዓይን
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያ መጠን ከሰዓት በኋላ ትሰማላችሁ። እኔ የማነሳው ሌላ ነው፤ ሁለት አዋቂዎች አንድ ማሳ ላይ ቆመው የሚያዩት ለምን ይለያያል?

ከዓመታት በፊት በሰሜን ወሎ ገረገራና በትግራይ ሐገረ ሰላም 400 ያህል የማካሮኒ ስንዴ ዓይነቶች ተዘርተው ነበር። አብዛኞቹ በአዲስ አበባው የጂን ባንክ ተጠብቀው የቆዩ የአገር ዘሮች ናቸው። ተመራማሪዎች ያበበበትን ቀን፣ ቁመቱንና የፍሬውን ክብደት ለኩ። 60 አርሶ አደሮች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ በየመደቡ እየዞሩ ነጥብ ሰጡ፤ ቶሎ ለመድረሱ፣ ከአንድ ሥር ለሚያወጣው አገዳ፣ ለዛላው፣ በመጨረሻም «በጠቅላላው»። ከአገር ዘሮቹ አንዳንዶቹ በነጥብም በሚዛንም ከተሻሻሉት ዝርያዎች በልጠው ተገኙ።

«በጠቅላላው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። አርሶ አደር እንዲህ ሲል ለበሬው የሚተርፈውን ገለባ፣ ዝናብ ቀድሞ ቢያቆም የሚሆነውን፣ የዱቄቱን ለቂጣ መመቸት አብሮ ይመዝናል። ይህን «ግምት ነው» ብሎ ማለፍ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የባለሙያ ስንፍና ነው።

ዓይን ብቻውን ግን አይበቃም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ስንዴያችንን ከመታው በኋላ ብዙ አርሶ አደር ዲጋሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል፣ ያምራል፣ ምርት ይሰጣል፤ ባለሙያውም አርሶ አደሩም ወደዱት። በ2013 እ.ኤ.አ. አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጣና በአርሲና በባሌ ዲጋሉ የተዘራበትን ማሳ አወደመ። ዋጉ አዲስ ዘር መሆኑ የታወቀው በላቦራቶሪ ነው፤ ከማሳው ዳር ቆሞ ይህን መለየት የሚችል ዓይን የለም። ጉዳቱ የሰፋው ደግሞ ሰፊ መሬት በአንድ ዝርያ ተሸፍኖ ስለነበር ነው። ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም ነበር፤ የጎረቤትን ማሳ መቁጠር ይበቃ ነበር።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ሰርቶ ማሳያ ሲያስጎበኛችሁ፣ እሱ ማብራሪያውን ሳይጀምር የራሳችሁን ነጥብ ስጡ። ባልና ሚስት አብራችሁ ውጡ፤ ነጥቡን ግን ለየብቻ ያዙ። ከዚያ የእሱን ልኬት ጠይቁና አስተያዩ። የሚለያይበትን ቦታ አትለፉት፣ ምክንያቱን አስረዱት፣ እሱም ያስረዳችሁ። ዝገት የመሰለ ነገር አገዳው ላይ ካያችሁ ግን ነጥብ መስጠቱ ይቆይ፤ በዚያው ቀን አሳዩት።