የጓሮ ሥራ ቤትና የተማረ እጅ

(በተማሪዎች ማኅበር የዐርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ «ስለ ምን ልናገር?» ብለው፥ «የምሕንድስና ተማሪ አይደለህ? ስለ መኪና ንገረና» አለኝ። እኔ ግን ዛሬ ማታ የመጣሁት ስለ ታላላቅ መኪናዎች ሳይሆን ስለ ትንንሽ ቤቶች ልነግራችሁ ነው። ይኸውም በየጓሮው ተቀልሰው፥ በቆርቆሮ ተከድነው፥ ውስጣቸው በመዶሻና በጉጠት፥ ባረጀ ሞተርና በተጣመመ ብረት ስለ ሞላ ቤቶች ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ስናይ ብዙዎቻችን «የማይረባ ዕቃ ማከማቻ» ብለን እናልፋለን። በውስጡ ጐንበስ ብሎ የሚሠራውንም ሰው ሥራ የፈታ አድርገን እንቈጥረዋለን።

በዘመናችን ሰው ሁሉ ስለ ንጹሕ ኃይል፥ ስለ ነፋስና ስለ ፀሐይ ይናገራል። ነገር ግን ይህ ሥራ የመንግሥታትና የታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ ይመስለናል። በአንድ አገር ግን ነገሩ ከጓሮ ተነሥቶ ዓለምን አዳርሷል። ያ አገር ዴንማርክ ነው። ታሪኩን ባጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያም ስለ እኛ ስለ ራሳችን አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንድ የአገራችንን አዋጅ ስጠቅስ ካልሆነ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በ1891 ፖል ላ ኩር የተባለ መምህር፥ አስኮቭ በሚባል የገጠር ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ የነፋስ ወፍጮ አቆመ። ወፍጮው የሚፈጨው እህል አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ ነበር የሚሰጠው። ነፋስ ግን ሲፈልግ ይመጣል፥ ሲፈልግ ይቀራል። ስለዚህ መምህሩ በኤሌክትሪኩ ውሃን እየከፋፈለ ሃይድሮጅን አጠራቀመና በዚያ ጋዝ ትምህርት ቤቱን ለብዙ ዓመታት አበራበት። በዚህም ሳይወሰን የገበሬ ልጆችን ሰብስቦ የገጠር ኤሌክትሪክ ሠራተኞች እንዲሆኑ ያስተምር ነበር።

ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ዮሐነስ ዩል ነበር። ይህ ሰው በመብራት ኩባንያ ሲያገለግል ኖሮ፥ በስተርጅናው በ1957 ጌድሰር በተባለው ቦታ ባለ ሦስት ክንፍ፥ 200 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የነፋስ ወፍጮ አሠራ። ነፋሱ ከልክ ባለፈ ጊዜ የክንፎቹ ጫፎች ዞረው ወፍጮውን እንዲገቱት አድርጎ ነበር። ያ ወፍጮ 10 ዓመት ያህል ሠራ። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ነዳጅ እንደ ውሃ የረከሰ ስለ ነበር በ1967 እንዲቆም ተደረገ፤ ዕውቀቱም የተረሳ መሰለ።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ናረ። ዴንማርክ ከኃይል ፍላጎቷ 90 በመቶ ያህሉን የምታገኘው ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ስለ ነበረ ሕዝቡ ደነገጠ። ሊቃውንቱ የአቶሚክ ኃይል ጣቢያ ይሠራ አይሠራ እያሉ ሲከራከሩ፥ በየመንደሩ ያሉ ሰዎች ደግሞ ወደየጓሮአቸው ገቡ። ከነሱ አንዱ ክርስቲያን ሪሳየር የተባለ አናጢ ነው። የዩልን ወፍጮ ንድፍ በትንሹ ቀድቶ፥ ከገበያ በሚገኝ ተራ ሞተርና በልዩ ልዩ ዕቃ ከቤቱ አጠገብ አንድ ወፍጮ ሠራ። ከመብራት መሥመሩም ጋር አገናኘው። ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ለቤቱ ከሚፈልገው የተረፈው ኤሌክትሪክ ወደ መሥመሩ ይሄድ ጀመር። አናጢው ይህን ሲያደርግ መሐንዲስ አልነበረም፤ በእጁ የሚታመን ሰው ብቻ ነበር።

በነዚያው ዓመታት፥ ከ1975 እስከ 1978፥ ትቪንድ በተባለ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች፥ ከልዩ ልዩ ቦታ ከመጡ ፈቃደኞች ጋር ሆነው፥ በዓለም ላይ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሁሉ የሚተልቅ የነፋስ ወፍጮ ሠሩ። ማማው 53 ሜትር ቁመት ያለው የሲሚንቶ ግንብ ነው። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚከብቡት ክብ ከዳር እስከ ዳር 54 ሜትር ይሆናል። ዋናው ዘንግ ከአሮጌ መርከብ የተገኘ ነው፤ ክንፎቹን ግን ራሳቸው በፋይበር ግላስ አበጁአቸው። ብዙ ሰው «ሲነፍስበት ይወድቃል» ብሎ ነበር። ነገር ግን አልወደቀም፤ ክንፎቹ በ1993 ተለውጠውለት ከ40 ዓመት በላይ ዞሯል። እውነቱን ላለመደበቅ፥ የዚያ ትምህርት ቤት መሪዎች ከጊዜ በኋላ በገንዘብ ነገር ፍርድ ቤት ቀርበዋል። እኔም የማመሰግነው መሪዎቹን አይደለም፤ ሲሚንቶውን የተሸከሙትን እጆች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮችም የነፋስ ወፍጮ ይሠራ ነበር፤ ያውም በታላላቅ ሊቃውንትና በብዙ ገንዘብ። ጀርመን በ1983 ግሮቪያን የተባለ፥ የክንፉ ክብ 100 ሜትር የሆነ፥ 3 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የታሰበ ወፍጮ አቆመች። ያ ግዙፍ መኪና በጠቅላላው 420 ሰዓት ያህል ብቻ ሠርቶ በ1988 ፈረሰ። የዴንማርክ ጓሮዎች ግን ኢንዱስትሪ ወለዱ። ታዲያ አናጢው ከሊቃውንቱ የበለጠው በምንድን ነው? በዕውቀት ነውን? አይደለም። በገንዘብ ነውን? ይህም ሊሆን አይችልም።

እኔ አጥንቼ የደረስኩበት መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፥ የተማረውና ባለ እጁ በአንድ ሥራ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ሄንሪክ ስቲስዳል የተባለ ወጣት፥ ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ሳለ፥ በወላጆቹ እርሻ ላይ ትንሽ ወፍጮ ይሞክር ነበር። ኋላም ካርል ኤሪክ ዮርገንሰን ከተባለ ብረት ሠሪ ጋር ተገናኘ። ወጣቱ ያሰላል፥ ብረት ሠሪው ይበይዳል።  ሁለቱ በ1978 የሠሩትን ወፍጮ በ1979 ቬስታስ የተባለው ኩባንያ ንድፉን ገዛቸው። ቬስታስ ራሱ በ1898 ከተከፈተ ከአንድ ብረት ሠሪ ቤት የተነሣ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የነፋስ ወፍጮ ሠሪዎች ከታላላቆቹ አንዱ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ጉድለታቸውን አለመደበቃቸው ነው። መጀመሪያ ከተሠሩት ወፍጮዎች አንዳንዶቹ በማዕበል ጊዜ ፍሬናቸው እምቢ እያለ እንደ ደነበረ ፈረስ ጋለቡ፤ ክንፋቸውም ተሰባበረ። በሌላ ቦታ ቢሆን ባለቤቱ አፍሮ ስብርባሪውን ይቀብረው ነበር። እነሱ ግን በየጊዜው የነፋስ ስብሰባ እያደረጉ፥ ሠሪውም ገዢውም ባንድ ላይ ተቀምጦ፥ የማን ወፍጮ በምን ምክንያት እንደ ተሰበረ ይነጋገሩ ነበር። በ1978 የወፍጮ ባለቤቶች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም «አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ፥ እያንዳንዱ ወፍጮ ሁለት ፍሬን ይኑረው፤ አንደኛውም በክንፉ ላይ ይሁን» ብሎ ጠየቀ። ይህም ዩል በ1957 አስቦት የነበረው ነገር ነው። ደግሞም በመጽሔታቸው ላይ የእያንዳንዱ ሰው ወፍጮ በወሩ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደ ሰጠ በቊጥር ያትሙ ነበር። በዚህ ምክንያት ጉረኛ ሠሪ ቦታ አጣ፤ ሥራው የሚናገርለት ሰው ግን ገዢ አገኘ።

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። ጓሮው ብቻውን ይህን ሁሉ አላደረገም። በ1978 ሪሶ በተባለው የምርምር ጣቢያ የወፍጮ መፈተኛ ተከፈተ። በ1979 ደግሞ መንግሥት በፈተናው ያለፈ ወፍጮ ለሚገዛ ሰው ከዋጋው 30 በመቶውን ይከፍልለት ጀመር። ይሁን እንጂ ፈታኙ የሚፈትነው፥ መንግሥቱም የሚረዳው ነገር አስቀድሞ በጓሮ ተሠርቶ ስለ ቆየው ነው። ዛሬ ዴንማርክ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ከግማሽ የሚበልጠውን የምታገኘው ከነፋስ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉኝ ይመስለኛል። በአገራችንም በአሸጎዳ በ2013 የተመረቀውና 120 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የተሠራው የነፋስ ጣቢያ አለ፤ በአዳማም አለ። እነዚህን ማየት ያኰራል። ነገር ግን መዘውሮቹ በውጭ አገር ተሠርተው የመጡ ናቸው። ይህ የሆነው ብረት ሠሪ ስለሌለን አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱና ተመልከቱ፤ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፥ ከተጣለ ቆርቆሮ ባልዲ የሚያወጣ እጅ ሞልቷል። የጎደለን ያንን እጅ ከመጽሐፋችን ጋር የሚያገናኝ ሥራ ቤት ነው። የሚያለያየንም ግድግዳ ከድንጋይ የተሠራ አይደለም፤ ንቀት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እያነሣ ቀጥቃጭ፥ ሸማኔ፥ ፋቂ እያለ የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ከመካከላችን ወጥቷልን? ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው በፊት ለራሴ አቅርቤዋለሁ።

መልሱንም ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻና መጥረቢያ እየሠሩ ነው ያስተማሩኝ፤ የደብተሬ ዋጋ ከወናፋቸው የወጣ ነው። ወደዚህ ትምህርት ቤት በመጣሁበት ዓመት ግን፥ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ «ገበሬ» ብዬ ጻፍሁ። ማንም አላስገደደኝም። የክፍል ጓደኞቼ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ እንጂ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ብረት ጥንካሬ በሰሌዳ ላይ ስማር፥ ብረት እንዴት እንደሚቀላ፥ መቼ ውሃ እንደሚጠጣ በእጃቸው የሚያውቁትን ሰው ደብቄ ነበር። የዴንማርኩን ወጣትና የብረት ሠሪውን ታሪክ ሳነብ ያፈርኩት በዚህ ነው። ያ ልጅ ብረት ሠሪ ፍለጋ ከቤቱ ወጣ፤ እኔ ግን ቤቴ ያለውን ካድሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ዐሳብ ይህ ነው። ከማደሪያችን ኋላ የተሰባበሩ ወንበሮች የተቈለሉበት አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ። ማኅበሩ ያንን ቤት ለተማሪዎች ሥራ ቤት እንዲሰጠን ከአስተዳደሩ ፈቃድ ይጠይቅልን። ጠራርገን የምናሰናዳው እኛው ነን። መጀመሪያም የነፋስ ወፍጮ እንሥራ አልልም፤ የመጀመሪያው ሥራችን ምድጃ ይሁን። የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው፤ የእናቶቻችንም ዓይን በጢስ ይጠፋል። ማገዶ የሚቈጥቡ እንደ ምርጥ ምጣድና እንደ ላቀች ያሉ ምድጃዎች ካሉ ቆይተዋል። እኛም ልዩ ልዩ ምድጃ እየሠራን፥ በደጅ በነፋሻ ቦታ፥ እኩል ውሃ በእኩል ድስት እናፍላ። የፈጀውን ከሰል በሚዛን፥ የፈጀውን ጊዜ በሰዓት እንለካ።

ሦስት ደንብ ብቻ ይኑረን። አንደኛ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ማናቸውም የሰፈር ባለ እጅ ገብቶ ከእኛ ጋር ይሥራ፤ እሱ የሚያውቀውን ያስተምረን፥ እኛም የምናውቀውን እናስተምረው። ሁለተኛ፥ የለካነው ቊጥር ሁሉ፥ መልካምም ይሁን ክፉ፥ በዚህ በማኅበራችን ጋዜጣ ይታተም። ሦስተኛ፥ ነገር የተሰበረበት ሰው ምክንያቱን በስብሰባ ላይ ይናገር፤ ማንም አይሳቅበት። በእኔ ግምት ከሦስቱ አስቸጋሪው ይህ የመጨረሻው ነው።

ምናልባት ከዚያ ቤት አንድም የሚረባ ምድጃ ላይወጣ ይችላል። እንዲህም ቢሆን፥ መዶሻ ይዞ የማያውቀው መሐንዲስ ሲይዝ፥ ሚዛንና ቀመር ያላየው ባለ እጅም ሲያይ፥ ትርፉ የሁላችን ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ ያንን ቅጽ አስቀይሬዋለሁ። ለአባቴም ደብዳቤ ልኬ፥ በሥራ ቤቱ የመጀመሪያ ቅዳሜ እንዲመጡልን ለመንኳቸው። «የተማረ ሰው ከእኔ ምን ሊማር?» ብለው መለሱልኝ፤ ቢሆንም ወናፋቸውን ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል። እንግዲህ እሳቸው ከመጡ፥ ቤቱን ከፍቶ የሚቀበላቸው ማኅበር እንዲኖር እለምናችኋለሁ።