የተገለጠ ምስጢር፤ ስለ ዘመናችን የብርጭቆ ጠቢባን የተደረገ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ቀን ስለ እጅ ጥበብ አንድ ነገር እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ብዙ ካሰብሁ በኋላ ስለ ብርጭቆ ለመናገር ቈረጥሁ። ብርጭቆ በየቤታችን የሚገኝ ዕቃ ሲሆን፥ ማን እንደሚሠራውና እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ የአፍሪካን አዳራሽ ያያችሁ ሁሉ፥ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የነደፉትን፥ በ1961 ዓ.ም. የተከፈተውን፥ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነውን ባለቀለም መስኮት ታስታውሳላችሁ። እርሱ ተቈርጦ የተገጣጠመ ብርጭቆ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ገና በእሳት ላይ ሳለ እንደ ማር እየተዝለገለገ ስለሚበጀው ብርጭቆና፥ ያንን ከፋብሪካ አውጥተው በየራሳቸው የሥራ ቤት ስለሚሠሩት ጠቢባን ነው።

አባቶቻችን «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት ለወዳጅነትና ለትዳር እውነተኛ ምክር ነው። ከብርጭቆ ሠሪው ዘንድ ብትሄዱ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። እርሱ ስባሪውን ለቅሞ ወደ እቶኑ ይመልሰዋል፤ ስባሪ ብርጭቆም ከአሸዋ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀልጥ፥ ለአዲሱ ማቅለጥ ረዳት ይሆነዋል።

የአሠራሩ ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው። አሸዋ ከሶዳና ከኖራ ጋራ ተቀላቅሎ ከአንድ ሺሕ ዲግሪ በላይ በሚነድ እቶን ውስጥ ይቀልጣል። ባለሙያው ረጅም የብረት ቧንቧ አስገብቶ ከቀለጠው ጠቅልሎ ያወጣና በትንፋሹ ይነፋዋል። ማዞሩን ለአንድ አፍታ ቢተው ብርጭቆው ተዝለግልጎ ይወድቃል። ስለዚህ ትልቅ ሥራ በሆነ ጊዜ አንዱ ሲያዞር ሌላው ይነፋል፤ ሦስተኛው ቀለም ያቀርባል፤ አራተኛው የእቶኑን በር ይከፍታል። ሥራው ካለቀም በኋላ በልዩ ምድጃ ውስጥ ቀስ እያለ መቀዝቀዝ አለበት፤ በድንገት የቀዘቀዘ እንደ ሆነ በውስጡ በሚቀረው ውጥረት የተነሣ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ከዚህ ሥራ ይልቅ የሚስማማው የለም።

ይህ ጥበብ ለብዙ ዘመን በምስጢር የተጠበቀ ነበር። በ1291 ዓ.ም. የቬኒስ መንግሥት ቃጠሎን ፈርቶ የብርጭቆ እቶኖች ሁሉ ከከተማይቱ ወጥተው ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲዛወሩ አዘዘ። ደሴቲቱም ለእሳቱ ብቻ ሳይሆን ለምስጢሩም አጥር ሆነች። ባለሙያዎቹ የተከበሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ጥበባቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ በብርቱ ተከልክለው ነበር። አባት ለልጁ ያስተምራል፤ ለባዕድ ግን አይናገርም።

በዘመናችን ግን ይህ አጥር የተከፈተባቸው ሁለት በሮች አሉ።

አንደኛው በአሜሪካ አገር በቶሌዶ ከተማ ነው። ሃርቬይ ሊትልተን የሚባል በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሸክላ ሥራ መምህር ነበረ። አባቱ በኮርኒንግ የብርጭቆ ፋብሪካ የሳይንስ ሊቅ ስለ ነበሩ፥ እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ብርጭቆን ያውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ብርጭቆ ያለ ታላቅ ፋብሪካ አይሠራም ይል ነበር። ሊትልተን ግን አንድ ሰው በትንሽ እቶን በገዛ የሥራ ቤቱ ሊሠራው ይችላል ብሎ አሰበ። በ1962 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በቶሌዶ ሙዚየም ግቢ ባለች አንዲት ትንሽ የዕቃ ቤት ውስጥ ጥቂት ተማሪዎችን ሰብስቦ ሙከራውን ጀመረ።

መጀመሪያ ብርጭቆው እንደሚገባ አልቀለጠላቸውም። በዚህ ጊዜ ዶሚኒክ ላቢኖ የተባለ የፋብሪካ የምርምር ሰው ስለ እቶኑ አሠራር መከራቸው፤ በቀላሉ የሚቀልጡ የብርጭቆ እንክብሎችንም ሰጣቸው። ብርጭቆው ቀለጠ፤ ሆኖም አነፋፉን የሚያውቅ በመካከላቸው አልነበረም። ሃርቬይ ሊፍግሪን የሚባል ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ብርጭቆ ነፊ መጥቶ ቧንቧውን ይዞ አሳያቸው። ከዩኒቨርሲቲው መምህርና ከፋብሪካው ሊቅ ዕውቀት ጋራ የአንድ ሽማግሌ ሠራተኛ እጅ ባይገናኝ ኖሮ፥ ያ ሙከራ ከዕቃ ቤቷ ሳይወጣ በቀረ ነበር። ዛሬ የስቱዲዮ ብርጭቆ ተብሎ የሚጠራው እንቅስቃሴ በአሜሪካ መነሻው ይህ ነው።

በዚያው ዘመን በቼኮስሎቫኪያ ስታኒስላቭ ሊበንስኪና ሚስቱ ያሮስላቫ ብሪኽቶቫ በሌላ መንገድ ይሠሩ ነበር። እርሱ በወረቀት ይነድፋል፤ እርሷ ንድፉን በጭቃ ትቀርጸዋለች፤ ከዚያም ብርጭቆው በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይቀልጥና ለብዙ ሳምንታት ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። በ1958 ዓ.ም. በብራስልስ፥ በ1967 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረጉት የዓለም ትርኢቶች ሥራቸው ሲታይ፥ ብርጭቆ እንደ ድንጋይ ሐውልት ሊቆም እንደሚችል ብዙዎች ተረዱ። በፕራግ በቅዱስ ቪቱስ ካቴድራል ያለው የቅዱስ ዌንሴስላስ ጸሎት ቤት መስኮቶችም የእነርሱ ሥራ ናቸው። ሊበንስኪ በ2002 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ባልና ሚስቱ ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ሠሩ።

ከሊትልተን ተማሪዎች አንዱ በ1941 ዓ.ም. የተወለደው ዴል ቺሁሊ ነው። በ1968 ዓ.ም. ወደ ቬኒስ ሄዶ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ባለሙያዎች በኅብረት ሲሠሩ አየ። በ1971 ዓ.ም. ከረዳቶቹ ጋራ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር በደን ውስጥ የፒልቸክን የብርጭቆ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ የመጀመሪያዎቹም ተማሪዎች በዝናም መካከል ራሳቸው በሠሩት መጠለያ ነበር ያደሩት። በ1976 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን ብርሃን አጣ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ትከሻው ተጐዳ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን ለሌሎች ሰጥቶ፥ እርሱ የሐሳቡን ሥዕል እየሣለ የሚመራ ሆነ።

በዚህ የተነሣ «ሌሎች የነፉትን ብርጭቆ የእኔ ነው ማለት ይገባዋልን?» ብለው የሚነቅፉት አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የሠራተኞቹም ስም ሊታወቅ ይገባል። ነገር ግን ቤት የሚያሠራ ሐናጺ ድንጋዩን ሁሉ ራሱ አይጠርብም። ደግሞም ዓይኑንና ትከሻውን ያጣ ሰው ጥበቡን ሊቀጥል የቻለው፥ አስቀድሞ ብቻውን ለመያዝ ሳይሆን ለማስተማር ስለ ተነሣ እንደ ሆነ ልብ በሉ።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ከራሷ ከሙራኖ ነው። ሊኖ ታሊያፒየትራ በ1934 ዓ.ም. በዚያች ደሴት ተወልዶ፥ ገና በልጅነቱ እቶን ቤት ገብቶ፥ በሃያ አንድ ዓመቱ መምህር ተባለ። በ1979 ዓ.ም. ወደ ፒልቸክ ሄዶ አባቶቹ በአጥር የጠበቁትን ለአሜሪካ ወጣቶች ያስተምር ጀመር። ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ተቀየሙት። ቅሬታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምስጢሩ እንጀራቸው ነበረና። ነገር ግን እርሱ ጥበቡን በማካፈሉ ድኻ አልሆነም፤ ለፋብሪካ የሌላውን ንድፍ ሲሠራ የኖረው ሰው ከነጻዎቹ ተማሪዎቹ ጋራ ሲውል የራሱን ሐሳብ የሚሠራ ጠቢብ ሆነ። የሙራኖም የአነፋፍ ስልት በሌላው ዓለም ባሉ ብዙ እጆች ላይ ሕያው ሆኖ ይኖራል።

የዚህን ለውጥ መጠን ለማወቅ የኮርኒንግ ሙዚየም ያደረጋቸውን ትርኢቶች መመልከት ይበቃል። በ1959 ዓ.ም. በተደረገው የቀረበው አብዛኛው የፋብሪካ ዕቃ ነበረ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1979 ዓ.ም. በተደረገው ግን የግል ጠቢባን ሥራ በዛ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛው ትርኢት ተደርጎ የ100 ሥራዎች ስብስብ ታየ።

ከትርኢቶች ሁሉ ግን ሁለቱ ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆናሉ። በ1996 ዓ.ም. ቺሁሊ በፊንላንድ፥ በአየርላንድና በሜክሲኮ ከየአገሩ ብርጭቆ ነፊዎች ጋራ የሠራቸውን ታላላቅ መብራት መሰል ጌጦች በቬኒስ የውሃ መንገዶችና አደባባዮች ሰቀለ። ከቬኒስ በምስጢር እንዳይወጣ የተከለከለው ጥበብ፥ ከሦስት አገር ሰዎች እጅ ወደ ቬኒስ በግልጥ ተመለሰ። ከ1999 እስከ 2000 ዓ.ም. ደግሞ ለሕዝባችን እንግዳ ባልሆነችው በኢየሩሳሌም፥ የዳዊት ግንብ በሚባለው ሙዚየም ሥራውን አሳየ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰውም ተመለከተው። በዚያው ወራት ከአላስካ ባስመጣው ታላላቅ በረዶ ከግንቡ አጠገብ ግድግዳ አቆመ፤ በረዶውም በፀሐይ ቀልጦ አለቀ። ብርጭቆው ግን ቀርቶ ብርሃን አሳለፈ።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤

ይህን ሁሉ የተናገርሁት የባዕድ አገር ሥራ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በእኛም መካከል ብራና መዳመጥ፥ ቀለም መበጥበጥ፥ ሸማ መሥራት፥ ብር ማንጠር የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ። የቅኔ መምህሮቻችን ዕውቀታቸውን ለመጣው ደቀ መዝሙር ሁሉ ሲሰጡ ኖረዋል። በእጅ ሙያ ግን «ይህስ የእኔ ምስጢር ነው» እያልን፥ ወይም «ልጄ ከዚህ የተሻለ ይማር» እያልን፥ ስንት ጥበብ ከባለቤቱ ጋራ ቀብረናል! በቶሌዶዋ የዕቃ ቤት ያ ሽማግሌ «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» ብሎ ቢቀር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እጃችሁ የሚያውቀውን ለአንድ ልጅ አሳዩ፤ ስሕተቱንም ታገሡት። ብርጭቆ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃልና፥ ተማሪም እንዲሁ ነው። የተሰበረበትንም ስባሪ አትጣሉበት፤ ወደ እቶኑ መልሱት።