የተለያየ ሞዴል ያላቸውን ስዊቾች በአንድ ስታክ የማሠራት ወሰኖች



በድሬዳዋ ስለ መጣጣም የሚናገር ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማችን የደረሰው ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ደግሞ 1,435 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም ወደ ጅቡቲ የተዘረጉ ናቸው፤ ሆኖም የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ጭነቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ፉርጎውን ግን አይቻልም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

ስታክ ስንል ብዙ ስዊቾች በልዩ ገመድ ተያይዘው እንደ አንድ መሣሪያ ሲሠሩ ማለታችን ነው። አንዱ መሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ በእርሱ ሥር ይተዳደራሉ። ኢተርኔት የጋራ ደረጃ ስለሆነ የማንኛውም አምራች ስዊች ከሌላው ጋር መረጃ ይለዋወጣል። የስታክ ቋንቋ ግን የየአምራቹ የግል ሀብት ነው። ስለዚህ የሁለት አምራቾች ስዊቾች ኔትወርክ ይጋራሉ እንጂ ስታክ አይጋሩም።

የአንድ አምራች ምርት መሆንም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሲስኮን 2960 ቤተሰብ እንውሰድ። የኤክስ ሞዴል ብቻውን እስከ 8 አባላት በ80 ጊጋቢት ፍጥነት ይደረደራል። ከቀደመው የኤስ ሞዴል ጋር ሲቀላቀል የአባላቱ ቁጥር ወደ 4፣ ፍጥነቱም ወደ 40 ይወርዳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሚቀንሰው የአሮጌው ስዊች ድርሻ ብቻ ሳይሆን የመላው ስታክ አቅም ነው። የኤክስአር ሞዴል ደግሞ በስም እጅግ ቢቀርብም ከኤክስ ጋር ከናካቴው አይደረደርም።

ሁለተኛው ወሰን ሶፍትዌር ነው። ገመዱ ቢገጥምም የሶፍትዌሩ ስሪት ካልተጣጣመ አዲሱ አባል ይታያል እንጂ ሙሉ አባል ሆኖ አይሠራም። የፈቃድ ደረጃውም እንደዚሁ መመሳሰል አለበት።

ጉዳዩ የሚከብደው በግዥ ላይ ነው። ጨረታ በየበጀት ዓመቱ ስለሚወጣ የዘንድሮው ሞዴል ከአምናው ሊለይ ይችላል። የፖርት ብዛትና ፍጥነት ብቻ የሚዘረዝር የጨረታ ሰነድ የማይደረደር ስዊች ቢቀርብለት ውድቅ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ነባሩ ሞዴል፣ የሶፍትዌር ስሪቱና የስታክ ገመዱ ዓይነት በሰነዱ በግልጽ ይጻፉ፤ ርክክቡም በወረቀት ሳይሆን ስዊቾቹን አያይዞ በመፈተሽ ይሁን።

የማይገጥም ስዊች ከገባስ? መጣል አያስፈልግም። ኤልኤሲፒ በተባለው የጋራ ደረጃ ብዙ ገመዶችን እንደ አንድ መስመር አጣምሮ ከነባሩ ስታክ ጋር ማገናኘት ይቻላል። አስተዳደሩ የተለየ ይሆናል፤ አገልግሎቱ ግን አይቋረጥም። ፉርጎው ባይሻገርም ጭነቱ ይሻገራል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።